ዴቶል፣ ቤታዲን ወይስ ጂቪ? ለብልት ማሳከክ የቱ ይሻላል

«በአንድ ሳፋ ውሃ ስንት ክዳን ዴቶል ልጨምር?»

መድኃኒት ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁ እንጃ። ጠያቂዋ መጀመሪያ የራስ ምታት ክኒን ትገዛለች። ትንሽ ትቆማለች። ወንዶቹ እስኪወጡ መደርደሪያውን ታያለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ዴቶሉ ትጠይቃለች። «ቁስል አለሽ?» ስላት «አይ፣ እንዲያው ለመታጠቢያ ነው» ትለኛለች። በቃ፣ ነገሩ ይገባኛል።

መልሴ ያው ነው። ለዚያ ቦታ ከሆነ ግማሽ ክዳንም አትጨምሪ። ግን «ተይ» ብሎ ብቻ ሰውን መሸኘት ደግ አይደለም። ማሳከክ እንቅልፍ ይነሳል። ታክሲ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ያሳቅቃል። የሆነ ነገር ማድረግ ግድ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ያሉትን ጠርሙሶች እያነሳሁ ላወዳድርልሽ። ከጠርሙሶቹ ሌላ ምን ምርጫ እንዳለም እናያለን።

መጀመሪያ ውጪውን ከውስጡ እንለይ

አማርኛችን ውጪውንም ውስጡንም «ብልት» ብሎ ስለሚጠራ ነገሩ ይምታታል። ውጪው ቆዳ ነው። ስስና ቁጡ ቢሆንም ቆዳ ነው፤ በውሃ ይታጠባል። ውስጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ራሱን በራሱ ያጸዳል። በየቀኑ ትንሽ ነጣ ያለ ወይም ውሃ የመሰለ ፈሳሽ የሚወጣውም ለዚሁ ነው፤ ቆሻሻ አይደለም።

እዚያ ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እርጎ ከሚያረጉት ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አሲድ እየሠሩ ቦታውን ኮምጣጣ ያደርጉታል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ባለች ሴት የአሲዱ መጠን፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው፣ ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ነው። ይህ ኮምጣጤነት ነው ሌሎቹን ጀርሞች አላስቀምጥ የሚላቸው።

ፀረ ጀርም ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ያገኘውን ይገድላል። ውስጥሽን በዴቶል መታጠብ እርሾውን ደፍቶ ሊጡ እንዲቦካ እንደመጠበቅ ነው። ውስጥን መታጠብ የሚያዘወትሩ ሴቶች ላይ መጥፎ ሽታ የሚያመጣው የባክቴሪያ መዛባትም፣ ወደ ማህፀን የሚወጣ ኢንፌክሽንም በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። «ግን ንጹሕ እኮ ነኝ፣ በቀን ሁለቴ እታጠባለሁ» ያለችኝን ሴት አልረሳትም። ችግሩ እሱ ራሱ ነበር።

ዴቶልና ሳቭሎን

የዴቶል ዋና ንጥረ ነገር ክሎሮክሲሌኖል ይባላል፤ ቡናማው ፈሳሽ ውስጥ 4.8 በመቶ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሥራው ሆስፒታል ነበር፤ በተለይ በወሊድ ጊዜ የሚመጣ ኢንፌክሽንን ለመከላከል። «ለሴት ይሆናል» የሚለው ወሬ ምናልባት ከዚያ የተረፈ ይሆናል። ግን ያኔም ቢሆን አዋላጇ በጥብጣ ለአንድ ጊዜ ትጠቀምበት ነበር እንጂ ማታ ማታ የሚታጠቡበት አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ላይሶል የተባለው የወለል ማጽጃ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ «ለሚስቶች ንጽሕና» ተብሎ በጋዜጣ ይተዋወቅ ነበር። ማስታወቂያው ሴቶችን በጠረናቸው እያሳፈረ ይሸጥላቸው ነበር። የተቃጠሉ አሉ፤ የሞቱም አሉ። በማፈር ላይ የቆመ ንግድ አዲስ አይደለም ለማለት ነው።

«ታዲያ እኔ ስታጠብበት ለምን ቀለል አለኝ?» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ቀለል ይልሻል። ሕመም ማሳከክን ይጋርዳል። ዴቶሉ ሲያቃጥልሽ ማሳከኩ ለአንድ ሰዓት ይደበቃል። ብዙዎቻችን ደግሞ ያቃጠለ መድኃኒት ሠራ ብለን ነው ያደግነው። ከዚያ ቆዳው ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ማሳከኩ ጨምሮ ይመለሳል። በማግስቱ ክዳኑ ሁለት ይሆናል። ከሳምንት በኋላ ወደ እኔ የምትመጣው ሴት ሁለት ችግር ይዛ ነው የምትመጣው፤ የመጀመሪያውንና ዴቶሉ የጨመረውን።

ሳቭሎን ውስጥ ያሉት ክሎርሄክሲዲንና ሴትሪማይድ ናቸው። ሽታው ለስለስ ስለሚል ይሻላል ብለው የሚመርጡት አሉ። ለዚህ ጉዳይ ከዴቶል ጋር ልዩነት የለውም። ለተላጠ ጉልበት ሁለቱም ግሩም ናቸው።

ቤታዲን

ይሄኛው ትንሽ ክብር ይገባዋል። ፖቪዶን አዮዲን ነው፤ የተለመደው 10 በመቶ ነው። ፈንገስም ባክቴሪያም ይገድላል፤ እንደ ዴቶልም አይለበልብም። በቀዶ ጥገና የሚወልዱ ሴቶች ልክ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ውስጣቸው በዚሁ እንዲጸዳ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። «ሐኪሞቹ ራሳቸው ይጠቀሙበት የለ?» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው።

አዎ፣ ይጠቀማሉ። አንድ ጊዜ፣ በባለሙያ እጅ፣ ለአንድ ምክንያት። በየቀኑ ሲሆን አዮዲኑ ከዚያ ስስ ሽፋን ወደ ደም ይገባል። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ችግር ላለባት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ይህ ቀልድ አይደለም፤ የሕፃኑን ታይሮይድ ሊነካ ይችላል። ላክቶባሲለሱንም አይምርም። ከዴቶል ጋር ካወዳደርሽው ቤታዲን ይሻላል። ለማሳከክ ይመረጣል ወይ ካልሽኝ ግን አይመረጥም። ለፈንገሱ ከእሱ የቀለለና የተሻለ አለ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ጂቪ

ጄንሺያን ቫዮሌት፣ ወይን ጠጁ ፈሳሽ፤ የእናቶቻችን መድኃኒት። ልጅ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ከወጣበት ወይን ጠጅ ምላስ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ጂቪ ካንዲዳ የሚባለውን ፈንገስ በእርግጥ ይገድላል፤ ተረት አይደለም። ሌላ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ብዙ ሴት አድኗል። በዚህ በኩል ከዴቶልም ከቤታዲንም ይልቅ ለፈንገስ የተጠጋ እሱ ነው።

ጣጣው ሌላ ነው። ፓንቱን፣ አንሶላውን፣ ሁሉንም ይነክራል። ወፍራም ከሆነ ወይም ከተደጋገመ ያቆስላል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ካንሰር የማምጣት ምልክት ስለታየበት የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ሰዎች እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋል። አንዴ ተቀብተሽ ከነበረ አትደንግጪ። ግን ዛሬ ክሎትሪማዞል በየፋርማሲው እያለ ወደ ጂቪ የምንመለስበት ምክንያት አይታየኝም።

በረኪና፣ አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ

በጭራሽ። ሌላ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፓንትሽን በበረኪና ዘፍዝፈሽ በደንብ ካላለቀለቅሽው እሱ ራሱ ያሳክካል።

የማጀቱ መድኃኒት

ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ መቀመጥ ለአራስ ሴት፣ ለተሰፋች ሴት ይመከራል። ለማሳከክም ለጊዜው ያረጋጋል። ፈንገስ አይገድልም፣ ጉዳትም የለውም፤ ውስጥ እስካልገባ ድረስ። ከሁሉም የቤት መላ ይሄ ቀሎ ያገኘሁት ነው። አስር ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ለቅልቀሽ በፎጣ መታ መታ አድርገሽ አድርቂ። አትፈትጊ።

ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላሉ። ፌጦ እንደዚሁ፤ ለቋቋ ይቀባል ተብሎ እዚህ አይቀባም። ማርና እርጎ አያቃጥሉም፤ ግን እርጎው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አንቺ ውስጥ ከሚኖረው ጋር አንድ ዓይነት ስላልሆነ እንደታሰበው አይተካውም። እርጎውን ጠጪው። ወይባ ጢስ የምትወጂ ከሆነ፣ ቆዳሽ ተቆጥቶ ባለበት ሰሞን ተይው፤ ሙቀቱ ያባብሰዋል።

ኮምጣጤ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። «ጤና ጣቢያ ኮምጣጤ ቀቡኝ» ያሉኝ ሴቶች ነበሩ። እውነት ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ የማህፀን በር ላይ ይቀባል፤ የተለወጠ ሴል ካለ ነጣ ብሎ እንዲታይ። ማያ ነው እንጂ ማከሚያ አይደለም። በአገራችን ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። በዚህ ዕድሜ ካለሽና አድርገሽ ካላወቅሽ፣ ለማሳከኩ ስትሄጂ እግረ መንገድሽን ጠይቂ።

ፀረ ጀርም ሁሉ የማይረባ ነው እንዴ?

አይደለም፤ ሚዛኑን ልጠብቅ። ለዚሁ ቦታ ተብሎ የተሠራ ፀረ ጀርም አለ። ዴኳሊኒየም ክሎራይድ ይባላል፤ 10 ሚሊግራም እንክብል ማታ ማታ ለ6 ቀን ወደ ውስጥ ይገባል። አውሮፓ ያላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለባክቴሪያ መዛባት በእርግጥ ይሠራል። ቦሪክ አሲድም አለ፤ ወደ ውስጥ በሚገባ የ600 ሚሊግራም ካፕሱል፣ እየተመላለሰ ላስቸገረ ፈንገስ ሐኪም የሚያዘው። ቢዋጥ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የሁለቱም ልዩነት መጠናቸው መለካቱና የታወቀ በሽታ ላይ መሰጠታቸው ነው። ከሳፋና ከክዳን ጋር አይገናኙም።

ከጠርሙሱ በፊት፦ የሚያሳክክሽ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው መጣን። «የቱ ፀረ ጀርም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቆሻሻ ነው ያሳከከኝ ብሎ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቆሻሻ አይደለም።

ነጭ፣ እንደ አይብ የተቋጠረ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ካለሽና ማሳከኩ የሚያሳብድ ከሆነ ካንዲዳ ልንል እንችላለን። ሽንት ሲነካሽ ያቃጥላል። አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ በኋላ፣ በእርግዝና ጊዜ፣ ስኳር ሲኖርብሽ ይመጣል። ከ4 ሴቶች 3ቱ በሕይወታቸው አንዴ ያገኛቸዋል ይባላል፤ ስለዚህ የምታፍሪበት ነገር አይደለም። የሚመረጠው ክሎትሪማዞል ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው እንክብል በሦስት መልክ ይመጣል፦ የ500 ሚሊግራሙ አንዴ ብቻ፣ የ200ው ለ3 ማታ፣ የ100ው ለ6 ወይም ለ7 ማታ። ለውጪው 1 በመቶ ክሬም ይቀባል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ረጅሙ ይመረጣል፤ ለሐኪምሽ ንገሪ። ሌላው አማራጭ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ፍሬ ተውጦ ያበቃል። ምቾቱ ደስ ይላል። ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሬሙንና እንክብሉን እመርጣለሁ፤ ቦታው ላይ ሠርቶ ይቀራልና። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ መድኃኒቱ ኮንዶሙን ሊያዳክመው እንደሚችል አስቢበት።

ሽታው እንደ ዓሣ ከሆነ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ፣ ፈሳሹም ቀጠን ያለ ግራጫ ከሆነ፣ የባክቴሪያ መዛባት ነው የሚመስለው። እሱ ብዙም አያሳክክም። ክሎትሪማዞል ምንም አያደርግለትም፤ ሜትሮኒዳዞል ነው የሚያስፈልገው፤ ብዙ ጊዜ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን፣ በሐኪም ትእዛዝ። ዴቶል የምትታጠብ ሴት ሽታውን ለማጥፋት ብላ የምታባብሰው ይሄንኑ ነው።

ቢጫ አረንጓዴ፣ አረፋ ያለው፣ የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። በግንኙነት ይተላለፋል። መድኃኒቱ ያው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ግን ባልሽ ወይም ጓደኛሽ አብሮ ካልወሰደ ድካም ነው። እሱ ምንም ላይሰማው ይችላል። «እኔ ደህና ነኝ» ቢልሽ አትስሚው።

ፈሳሽሽ እንደወትሮው ሆኖ ውጪው ብቻ ካሳከከሽ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ዞር በይ። አዲስ ሳሙና? ኦሞ ቀየርሽ? ሽቶ ያለው ሞዴስ? የተላጨሽው መቼ ነው? ናይለን ፓንት ለብሰሽ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ነበር? «ለሴቶች ብቻ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ አበባ ጠርሙስም ራሱ መንስኤ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲሆን መድኃኒቱ መተው ነው። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ልዩነቱን ታይዋለሽ።

ማታ ማታ ብሶ፣ ቤተሰቡም አብሮ የሚያክ ከሆነ እከክ አስቢ። የወር አበባዋ ከቀረ ዓመታት ያለፋት እናት ላይ ድርቀት ነው አብዛኛውን ጊዜ፤ ነጣ ያለ፣ የሳሳ ቆዳ ካለ ግን ሐኪም ማየት አለበት። ትንሽ ልጅ ላይ ከሆነ ትናንሽ ነጫጭ ትሎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እሷን ዴቶል ውስጥ ማስቀመጥ ግፍ ነው።

እዚህ ላይ ራሴንም ልገሥጽ። ምልክቶቹን እንዲህ ሳስቀምጣቸው ቀላል ይመስላል። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ራሳቸውን «ፈንገስ ነው» ብለው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶችን መረመረ። በትክክል ፈንገስ ብቻ የነበረባቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በፊት በሐኪም ታውቆልሽ፣ ምልክቱም ልክ እንደዚያው ከሆነ ክሎትሪማዞል ገዝተሽ ሞክሪ። የመጀመሪያሽ ከሆነ መጀመሪያ ተመርመሪ።

ሌላ አደራ። ፋርማሲ ውስጥ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሰጥ ቅልቅል ክሬም አለ፤ ፀረ ፈንገስ፣ አንቲባዮቲክና ጠንካራ ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ። ስቴሮይዱ ማሳከኩን በአንድ ቀን ጸጥ ያደርገዋል። ሰው ይወደዋል። ውሎ ሲያድር ግን ቆዳውን ያሳሳል፤ ፈንገሱም ከስር ይስፋፋል። ቱቦው ላይ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካየሽ ሐኪም ሳያዝልሽ እዚያ አትቀቢው።

ቀን ሳትቆጥሪ የምትሄጂው መቼ ነው?

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ትኩሳት ወይም ከእምብርት በታች ሕመም ካለሽ፣ ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ፣ አለዚያም በዓመት ከ3 ጊዜ በላይ ከተመላለሰብሽ። የመጨረሻው ላይ ስኳርሽን መለካት ተገቢ ነው፤ ብዙ ሴት ስኳር እንዳለባት ያወቀችው በዚሁ ማሳከክ ሰበብ ነው።

ዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሪ እህቴ ነገሩ እንደማይቀል አውቃለሁ። እንደልብ ወጥቶ ሐኪም ቤት የለም። እጅሽ ቀኑን ሙሉ በረኪናና ክሎሪን ውስጥ ነው፤ ሽንት ቤት ከመግባትሽ በፊትም እጅሽን በውሃ ታጠቢ፤ ኬሚካሉ ከእጅሽ ወደ ታች ይሄዳል። ክሎትሪማዞል የሚለውን ስም በስልክሽ ጽፈሽ ያዢ፤ ስሙ በየአገሩ አንድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሞኒስታት በሚል ስም የሚሸጠው ሚኮናዞል የዚሁ ወንድም ነው፤ ያለ ትእዛዝ ይገዛል።

እስክትታዪ ድረስ ለዛሬ ማታ፦ ውጪውን በውሃ ብቻ ታጠቢ። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ጥቂት ደቂቃ ያዢበት። ስስ ቫዝሊን ውጪውን ቀቢ። ጥፍርሽን ቁረጪ፤ ሰው ተኝቶም ያካል። ፓንት ሳትለብሺ ተኚ።

ነገ ፋርማሲው ውስጥ ሰው ቢበዛና አፍሽ አልከፈት ቢል፣ ስልክሽ ላይ እንዲህ ጽፈሽ አሳዪ፦ «ይሄን ያህል ቀን ሆነኝ። ፈሳሹ እንዲህ ነው፣ ሽታ አለው ወይም የለውም። እርጉዝ ነኝ ወይም አይደለሁም። የምወስደው መድኃኒት ይሄ ነው። እስካሁን የታጠብኩበት ይሄ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። ዴቶልም ቢሆን ጻፊው፤ ከባንኮኒው ወዲህ ያለነው ብዙ ሰምተናል፣ አንስቅም።